«አጥሬን ገፋ ባደርግ ምን አለበት?»

የመሬት ልኬት ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ከወላይታዋ ሻንቶና ከአካባቢው በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጉታራው የማንም አይደለም፤ አጥሬን ገፋ ባደርግ ምን አለበት?»

ጉታራው፣ ማለትም የመንደሩ የጋራ ሜዳ፣ የማንም ሳይሆን የሁላችንም ነው። ልጆች የሚቦርቁበት፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ለቀስተኛ የሚሰበሰብበት ሣር ነው። አጥር በየዓመቱ አንድ እርምጃ ሲገፋ፣ አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ማለፊያ ያጣሉ።

ሕጉን እንይ፦

1. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የይዞታ ደብተራችሁ የሚሰጣችሁ በድንበራችሁ ውስጥ የመጠቀም መብት ነው።

2. የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ለሕዝብ አገልግሎት የተተወ የመንግሥት ንብረት በይርጋ አይገኝም። «ለዓመታት አጥሬዋለሁ» ማለት መብት አይፈጥርም።

3. መንገድ ሲታጠር ጎረቤት መውጫ ሊያጣ ይችላል፤ በዚሁ ሕግ ደግሞ መውጫ ያጣ ሰው በጎረቤቱ መሬት መተላለፊያ መጠየቅ ይችላል።

4. ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻም ስንወርድ ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ በተከለለ ዳርቻ ላይ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት ሊከለከል ይችላል። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትና ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን የሚያወጣበት መንገድ ግን በልኬት ፕላኑ ላይ ክፍት ሆኖ መታየት አለበት እላለሁ።

ምክሬ፦ የመሬት ልኬት ቀበሌያችሁ ሲደርስ የራሳችሁን ማሳ ብቻ አታስለኩ። ጉታራውና መንገዱም በወል ይዞታነት እንዲመዘገቡ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ድንበሩን አሳዩ። ጉራጌዎች በመንደራቸው መካከል ያለውን ሣራማ የጋራ መንገድ፣ ጀፎረን፣ ጠብቀው ያቆዩት ሰፈሩ ሁሉ ስለጠበቀው ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።