የትኛው ዳዮድ ያሳልፋል?

ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ በአዳፕተር ሲሠራ የነበረው ሬዲዮ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም ተነሥቶ የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። ሁለት ዳዮዶች ግን ይህን ቅይይር ያለ ሰው እጅ ይሠሩታል። እንዴት? ለሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ተማሪ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው።

ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ጫፉ ላይ የተሠመረው መስመር ካቶዱን ያሳያል፤ ከረንት በአኖዱ ገብቶ በመስመሩ በኩል ይወጣል። የሲሊከን ዳዮድ ሲያሳልፍ 0.7 ቮልት ገደማ ያስቀራል። ሬዚስተር ደግሞ ለኦም ሕግ ይገዛል፦ ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል ከረንቱ ይገኛል።

እንግዲህ 6 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር በአንድ ዳዮድ፣ ሦስት ድንጋይ ማለትም 4.5 ቮልት በሌላ ዳዮድ ይግቡ፤ ካቶዶቹ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ። ከዚያ እስከ ማይነሱ፣ በሬዲዮው ፈንታ ባለ 1000 ኦም ሬዚስተር ይቁም።

በልጆች እንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ሲባል ቢቸናን ወይም ሞጣን ሰጥቶ ይገላገላል። እዚህ አገር አይሰጥም። መገመት ይፈቀዳል፤ የተሳሳተውን ግምት ሰርኪዩቱ ራሱ ያጋልጠዋል።

«ሁለቱም ያሳልፋሉ» እንበል። መገናኛው በአዳፕተሩ በኩል 5.3፣ በድንጋዩ በኩል 3.8 ቮልት ሊሆን ነው። አንድ ነጥብ ሁለት ቮልት አይኖረውም፤ ግምቱ ወደቀ። «ሁለቱም ዘግተዋል» ብንል ሬዚስተሩ ከረንት ስለማያገኝ መገናኛው ዜሮ ይሆናል፤ ዳዮዱ 6 ቮልት እየገፋው ዘግቶ አይቆይም። የድንጋዩ ብቻ ቢያሳልፍስ? መገናኛው 3.8 ሲሆን በአዳፕተሩ ዳዮድ ላይ 2.2 ቮልት ያርፋል፤ እሱም መክፈቱ አይቀርም።

የቀረው የአዳፕተሩ ብቻ ማሳለፉ ነው። መገናኛው 5.3፣ የድንጋዩ አኖድ 4.5 ስለሆነ የድንጋዩ ዳዮድ ይዘጋል። ከረንቱ 5.3 ሚሊአምፔር ነው፤ ድንጋዮቹ አይነኩም። መብራት ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል፦ የድንጋዩ ዳዮድ ይከፍታል፣ መገናኛው 3.8 ቮልት ይሆናል፣ የአዳፕተሩም ዳዮድ ዘግቶ የድንጋዩን ኃይል ወደ ኋላ እንዳይፈስ ያግደዋል።

ሁለት ዳዮድ አራት ግምት አለው፤ ሦስት ስምንት፣ አራት ዐሥራ ስድስት። ሁሉንም መሞከር ስለሚያደክም፣ ካቶዶቹ አንድ ላይ ሲገናኙ ከትልቁ ቮልት መጀመር ያዋጣል። 5.8 ቮልት የሆነ ሦስተኛ ምንጭ ቢጨመርስ? ከ5.3 የሚበልጠው በ0.5 ብቻ ነው። 0.7 ስላልሞላ፣ በዚህ ስሌት እሱም ዝግ ነው።