እንግዳው ተማሪ በመርካቶ

አንባቢ ሆይ፥ ቅዳሜ ጧት መርካቶ ወርደው ያውቃሉ? መቼም ሳይወርዱ አልቀሩም። ሸሚዝ ሊገዙ፥ ጫማ ሊለኩ፥ ወይም ደመወዝ በወጣ ማግሥት ለቤት የሚያስፈልገውን ሊሸምቱ ሄደዋል። ዛሬ የምለምንዎ ግን ዕቃውን ትተው ገበያተኛውን እንዲመለከቱልኝ ነው።

በበርበሬ ተራ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው ዛላ ይመርጣሉ። ነጋዴው «ምነው አበዙት እናቴ፥ ድግስ አለ እንዴ?» ቢላቸው፥ «ልጄ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው፤ እዚያ ማን ይደልዝለታል ብለህ ነው?» ይሉታል። ጥቂት እልፍ ብለው ቢሄዱ ደግሞ አንድ የሩቅ አገር ወጣት ባልዲና ብርድ ልብስ ታቅፎ፥ ከፊትም ከኋላም «ዞር በል!» የሚሉ ተሸካሚዎች ሲያዋክቡት ያዩታል። አማርኛው «ስንት ነው?» ከሚለው አያልፍም፤ መልሱንም ቢነግሩት አይሰማውም። እርሱም ትምህርት ፍለጋ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

አንዱ ሊሄድ ይሰናዳል፤ ሌላው ገና መምጣቱ ነው። ሆኖም የሁለቱ ችግር አንድ ነው። ስኮላርሺፕ የሚባለው የትምህርት ዕድል የአውሮፕላን መሳፈሪያና የወር መተዳደሪያ ይሰጥ ይሆናል። በሰው አገር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሻግር ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ተቀባይ ሰው ያስፈልጋል።

ሰዓቱ፥ ዓመቱና ስሙ

የእንግዳ ተማሪ መሰናክል ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም፤ እኛ ከቁም ነገር በማንቆጥረው ነገር ላይ ነው። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ና» ቢባል ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ የተቀጠረው ግን በጧት ነበር። የእኛ ሰዓት ከእርሱ ሰዓት በስድስት እንደሚለይ የነገረው የለማ! ዓመታችን ባለ 13 ወር መሆኑን፥ የዓመቱም ቁጥር በሰባት ወይም በስምንት እንደሚያንስ ቀስ ብሎ ይማራል። ደግሞም አፍሪካ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ ስስ ልብስ ብቻ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ በመጀመሪያው ሌሊት ታስተምረዋለች። ያ ያየነው ብርድ ልብስ የተገዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደውስ? የልደቱን ዘመን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ማመልከቻውን ቢልክ፥ በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል፤ የዕድሜ ወሰን ባለው የትምህርት ዕድል ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፥ ትራንስክሪፕት በሚባለው የውጤት መግለጫው ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ቢገኝ፥ «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከደረሰም በኋላ አበበ ከበደ የተባለው ልጅ «ሚስተር ከበደ» ተብሎ ሲጠራ፥ አባቱን የሚጠሩ መስሎት ዝም ብሎ ይቀመጣል። የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር በአገራችን ልማድ አለመኖሩን አስቀድሞ ቢያስረዳ፥ ወይም ሌላ ሰው ቢያስረዳለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ እንግዳ ተማሪን የሚረዳ የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት ሥራው ምን እንደ ሆነ ከዚሁ ይታወቃል። ተማሪው ከአገሩ ሳይነሣ ስለ አየሩ፥ ስለ ወጪውና ስለሚያስፈልጉት ሰነዶች ደብዳቤ ይጽፍለታል። በመጣ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሰው ይልካል። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያወጣበትን መሥሪያ ቤት ያሳየዋል፤ ፈቃዱም የሚታደስበትን ቀን ያስታውሰዋል። መኝታውን፥ የባንክ ሒሳቡንና ሐኪሙን ያስተዋውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነባር ተማሪ ጓደኛ አድርጎ ይሰጠዋል። ወደ ውጭ ለሚሄደውም የአገሩን ልጅ እንዲሁ አሰናድቶ ይሸኘዋል።

የመቀበል ፍሬ

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ እንግዳ?» ይሉ ይሆናል። ታሪኩን ልንገርዎ።

በ1950 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ለመጀመሪያ ጊዜ በአክራ ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጠች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ስለ ነበረ፥ ኮሌጁ ራሱ ገና ልጅ ነበር። ቢሆንም ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡትን ተቀበለ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አገራቸው ገና ከቅኝ ግዛት አልወጣችም ነበር። የተማሪዎችን ታሪክ የጻፉ ምሁራን እንደሚመሰክሩት፥ እነዚህ እንግዶች ለመማር ብቻ አልመጡም፤ አስተማሩም። ስለ ነጻነትና ስለ መንግሥት አስተዳደር በግልጽ ይከራከሩ ስለ ነበር፥ ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው አፍሪካን ከእነርሱ አፍ ሰሙ፤ የራሳቸውንም አገር ጉዳይ እንደ አዲስ ይመለከቱት ጀመር።

በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ነበሩ። እኒህ ሰው በኋላ ዘመን ሁለት ጊዜ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫው በዚችው ከተማ ስለ ነበረ፥ አዲስ አበባ ለእርሳቸው በተማሪነት የሚያውቋት ከተማ ነበረች። አንዲት አገር በሌላው አገር መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘቷ በገንዘብ የሚገመት ነውን?

በእኛም በኩል ሲታይ እንዲሁ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተላኩ። በመጀመሪያ በኦሃዮ በሚገኘው በማስኪንገም ኮሌጅ፥ ከዚያም በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆዋርድ ተምረው በ1927 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር፥ ተማሪ ሆነው የኖሩባት አገር ሁለተኛ ግንባራቸው ሆነች። ወደዚያው ተመልሰው ለኢትዮጵያ ድጋፍ በመሰብሰብ ደከሙ፤ በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንም የኢትዮጵያን መከራ እንደ ራሳቸው መከራ ቆጠሩት። በተማሪነት ዘመን የተገኘ ወዳጅ በጭንቅ ቀን ተገኘ ማለት ይህ ነው።

ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ወረቀት

አሁን ነገሩ ወደ እርስዎ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ምንም ያህል ቢተጋ የሚረዳው እስከ ግቢው በር ድረስ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው አገር የእኛ የሁላችን ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፥ አንድ ቀን የዚህ እንግዳ ወረቀት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ፥ የባንክ ቅጽ ወይም ማኅተም የሚያስፈልገው ደብዳቤ ይሆናል። «ነገ ተመለስ» ማለት ለእርስዎ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ለእርሱ ግን የቀረ ትምህርት፥ የታክሲ ገንዘብና ሌላ የጭንቀት ሌሊት ነው። የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢነግሩት፥ ቢቻል በወረቀት ጽፈው ቢሰጡት፥ ከእርስዎ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው። ይህንኑ ለአገሩ ልጅ ቢያደርጉም ማንም አይቀየምዎ!

ተማሪ ከሆኑ ደግሞ ሥራዎ ከዚህ የቀለለና ያማረ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ እንግዳውን ጎረቤትዎን ይዘው መርካቶ ይውረዱ። በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት ያወጡለት ስም እስከ ዛሬ እንዳልለቀቀው ይንገሩት። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመው ሲያይ የሚጠይቅዎ ብዙ ይሆናል። ምን አለሽ ተራ ወስደውም የተጣለ ብረት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ያሳዩት። የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አለመሆኑን፥ «ቀንስልኝ» ማለት ነውር እንዳልሆነ፥ ገንዘቡንም ከኪስ አውላቂ እንዴት እንደሚጠብቅ ያስተምሩት። እርስዎም የእርሱን አገር ገበያ ይጠይቁት። እዚያስ ይከራከራሉን? ለእንግዳ ምን ያቀርባሉ? ነገ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱት እርስዎ ሲሆኑ፥ ምን ብለው እንደሚጠይቁና ምን እንደሚያስጨንቅዎ ዛሬውኑ ከእርሱ ይማሩታል።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። በበርበሬ ተራ ያየናቸው እናት ለልጃቸው የሚችሉትን ሁሉ ቋጥረዋል፤ ልጁ ሲደርስ በሩን የሚከፍትለትን ሰው ግን ቋጥረው ሊልኩ አይችሉም። ይህን ከማያውቁት ሰው ተስፋ ያደርጋሉ። ባልዲና ብርድ ልብስ ታቅፎ መንገድ የጠፋበት የዚያ ወጣት እናትም በሩቅ አገር ሆነው ተስፋ የሚያደርጉት ይህንኑ ከእኛ ነው። እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ ቢያገኙት አይለፉት፤ ባልዲውን ተቀብለው «ወዴት ነህ?» ይበሉት።