«ጾመኛ ናት» ብለን የምናልፋት ልጅ፦ ስለ አመጋገብ መታወክ ሊታረሙ የሚገባቸው አመለካከቶች



ልጃችን ሰኞና ሐሙስን ስትጾም ደስ ይለናል። ነገር ግን ጾሙ የየቀኑ ከሆነ፣ በኢፍጧርም «ሆዴን አሞኛል» እያለች ከቴምር ሌላ ካልቀመሰች፣ ልብሷም እየሰፋባት ከሄደ ጉዳዩ ዒባዳ ብቻ ላይሆን ይችላል።

የአመጋገብ መታወክ የአእምሮ ሕመም ነው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አኖሬክሲያ የያዘው ሰው ሰውነቱ እያለቀም ምግብ ይከለክላል። ቡሊሚያ ያለበት ብዙ በልቶ በድብቅ ያስመልሳል ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል። ሦስተኛው ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላትና ከዚያ በኀፍረት መዋጥ ነው።

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በየቤቱ ከሚነገሩት ውስጥ አራቱን እንመልከት።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»
እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በጋና 668 የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን መርምሯል። ከመጠን በላይ ከከሱት መካከል 10ሩ ራሳቸውን ከምግብ ከመከልከል በቀር ሌላ ምክንያት አልተገኘባቸውም። ስለ ውፍረት አይጨነቁም ነበር፤ አለመብላታቸውን ያዩት በሃይማኖት ዓይን ነው። ለዚህ ነው በእኛም ቤት ሕመሙ በጾም ስም ሊደበቅ የሚችለው።

«ካልከሳ አልታመመም»
ቡሊሚያ ያለበት ሰው ክብደቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ማስመለስ ግን ጥርስን ይሸረሽራል፤ የደምን ፖታሲየም አውርዶ የልብ ምትን ያዛባል። እንደ አዳማ ባለ ሙቀት ፈሳሽ ማጣቱ ደግሞ ይብሳል። ወንዶችም ይታመማሉ።

«ዓይን ወይም ሲሕር ነው»
ሩቅያ ማስደረግ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል።

«በግድ ብትበላ ይለቃታል»
ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት የደሙ ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልብ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። በጣም የከሳ ሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይመገባል።

ጾሙስ?
በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 184 እና 185 ለበሽተኛ ማፍጠር ተፈቅዷል። ሲድን ቀዳ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ፊድያ ይሰጣል። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። ሐኪም እንዳትጾም የነገራትን እህት በረመዷን ቀን ስትበላ አይተን ማሳፈር በደል ነው። ሁልጊዜ እጾማለሁ ብሎ ለወሰነው ሰውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳቸው እንደሚጾሙም እንደሚያፈጥሩም ነግረው አርመውታል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?
«ከሳሽ»፣ «ወፈርሽ» ማለትን እንተው። ከማዕድ ውጭ ለብቻ አድርገን «ጭንቀትሽ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። የወር አበባ መቋረጥ፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው መጸዳጃ ቤት መግባት ምልክቶች ናቸው። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ልክ ከመታ፣ ደም ካስመለሰች ወይም መሞትን ካነሳች ቀን አንቁጠር።

በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ከአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ መጀመር ይቻላል። በአዲስ አበባም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። እዚያ መሄድ ነውር አይደለም፤ ሕመሙ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሕይወት ከሚቀጥፉት አንዱ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። አሚን።