ገመድ አልባ ኢንተርኔት በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይገባል?



የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ዛሬ በአብዛኛው የሚሞላው በኢንተርኔት እንደ መሆኑ መጠን፣ እዚህ ካኩማ ከምንገኝ ኢትዮጵያውያን መካከል ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሎድዋር ወይም ከናይሮቢ የሚያስመጡ ቤተሰቦች አሉ። ይሁንና እነዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ ዋይፋይ የሚቀበል ዕቃ በውስጣቸው የላቸውም። ስለዚህ አውራ ጣት የምታክል፣ በዩኤስቢ ቀዳዳ የምትሰካ መቀበያ ለብቻዋ ትገዛለች። ስሟ ዋይፋይ አዳፕተር ነው፤ ሱቅ ስትሄዱ ግን ዶንግል ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው ይህችን ዕቃ ከሰካ በኋላ ምንም ለውጥ ስለማያይ «ተበላሽታለች» ብሎ ይጥላታል፤ ወይም ከባለሱቁ ጋር ይጣላል። እኛ በኮሙኒቲው ክፍል ኮምፒዩተር ስናስተምር እንዳየነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም።

ኮምፒዩተር አዲስ ዕቃ ሲሰካበት ከዕቃው ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ ይፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ዊንዶውስ 10 የብዙ ዕቃዎችን ድራይቨር ይዞ ቢመጣም የሁሉንም አልያዘም፤ የጎደለውን ከኢንተርኔት ልፈልግ ይላል። ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዶንግሏ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ቆልፎ እንደ ወጣ ሰው መሆን ማለት ነው።

ድራይቨሩ መግባቱን ለማወቅ የስታርትን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ዲቫይስ ማኔጀር የሚለውን ክፈቱ። ኔትወርክ አዳፕተርስ በሚለው ሥር የዶንግሏ ስም ካለ ገብቷል። ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ ምልክት ከታየ ግን ጎድሏል። አንዳንዷ ዶንግል ድራይቨሩን በሆዷ ይዛ ትመጣለች፤ ስትሰካም እንደ ሲዲ ሆና ትታያለች። እንዲህ ከሆነ ሲዲውን ከፍታችሁ ሴትአፕ የሚለውን አስነሱ። ከዚያም በኋላ ሲዲ ሆና ከቀረች በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ኢጀክት በሏት፤ ያኔ ወደ ዋይፋይነቷ ትመለሳለች።

በሆዷ ያልያዘች ከሆነች መፍትሔው ያለው በኪሳችን ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኙ። ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት የሚለውን ፈልጋችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩት። ኮምፒዩተሩ በስልኩ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል፤ ጥቂት ደቂቃ ስትታገሡም ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያወርዳል። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ይህ አይሠራምና ሌላ ገመድ ሞክሩ። እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁና፣ ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ካለ አብዛኞቹ ስልኮች ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ዶንግል እስኪገዛ ድረስ በዚሁ መቆየት ይችላል።

ድራይቨር በራሳችሁ ስትፈልጉ በካርቶኑ ላይ ባለው ስም ብቻ አትመሩ። ካርቶኑ የሻጩ ነው፤ የውስጧ ቺፕ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ፋብሪካ፣ ለምሳሌ የሪልቴክ ወይም የሚዲያቴክ ሥራ ነው። «ሁሉንም ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች ደግሞ እለፏቸው፤ ከጥቅማቸው ጣጣቸው ይበዛል።

ድራይቨሩ ከገባ በኋላ በስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ የዋይፋይ ምልክት ይወጣል። እሱን ተጭናችሁ የኔትወርኩን ስም ትመርጣላችሁ፤ የምስጢር ቃሉን ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳታሳስቱ ትጽፋላችሁ። ኔትወርኩ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ፐብሊክ የሚለው እንደ ተመረጠ ይቆይ። በኮምፒዩተራችን ውስጥ የስደተኝነት ወረቀታችን ኮፒ ሊኖር ስለሚችል በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ሌላ ሰው ፋይላችንን እንዳያይ ይረዳል።

ምልክቱ ደካማ ከሆነ ቤታችሁን ተመልከቱ። የዋይፋይ ሞገድ የጭቃ ግድግዳን በመጠኑ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ግን ይመለሳል። ኮምፒዩተሩ ጥግ ውስጥ ከሆነና ዶንግሏም ከጀርባው ከተሰካች በብረት ሣጥንና በቆርቆሮ መካከል ታፈነች ማለት ነው። የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝታችሁ ዶንግሏን መስኮት ላይ አድርጓት። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ርቀትን ስለሚችል ሁለቱም ከታዩ ለሩቅ ቤት እሱ ይሻላል።

አሁን የምንጽፈው እኛን ያስከፈለን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንዲት ተማሪያችን የዩኒቨርሲቲ ፎርም በመጨረሻው ቀን ማታ ልትልክ በኛ ኮምፒዩተር ተቀመጠች። ዋይፋዩ ሙሉ ነበር፤ ገጹ ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈት አለ። ዶንግሏን ነቀልን፣ ሰካን፣ ድራይቨሩን አጥፍተን መለስን። ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ አለፈ። በማግሥቱ ስናይ የኮምፒዩተሩ ዓመተ ምሕረት 2016 ይላል። ለካስ ከመካከላችን አንዱ ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር አስተካክሎት ኖሯል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒዩተሩ ከስምንት ዓመት በፊት ላይ ነኝ ብሎ ሲያስብ ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ይጥለዋል። ጥፋቱ የኛ ነው። ልጅቱ ዓመት ጠብቃ እንደገና ለማመልከት ተገድዳለች።

ስለሆነም ገጽ አልከፈት ሲል ከሁሉ በፊት ቀኑን ተመልከቱ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን፣ ሰዓቱም በኬንያ ሰዓት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ አልቃለች። ቁጥሯ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ነው፤ ኮምፒዩተሩን ከመብራት ነቅላችሁ መለወጥ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው ስለ ባንድል ነው። ዊንዶውስ ማሻሻያ እያወረደ በአንድ ሌሊት የሳምንቱን ባንድል ሊበላ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ በዋይፋዩ ስም ሥር ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ካበራችሁ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል። ለዘለቄታው ግን ያለ ማሻሻያ መቆየት ለቫይረስ ያጋልጣልና ነፃ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አልፎ አልፎ አጥፉት።

ያልገባችሁ ነገር ካለ ዶንግሏን፣ ካርቶኗንና የስልካችሁን ገመድ ይዛችሁ ወደ ኮሙኒቲው ክፍል ኑ። ፎርም የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።