ለአብራሪ የሚሆን ርካሽ የእጅ ባትሪ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ለማየት ብዙ አንገት ማቅናት አያስፈልገውም። ሰፈሩ የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው። ከትንንሾቹ እስከ ካራቫን ያሉ ባለ አንድ ሞተር ሴስናዎች ዝቅ ብለው ሲነሡና ሲያርፉ ይውላሉ። ማረፊያው የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1929 ዊልሰን ኤርዌይስን ባቋቋሙት በወይዘሮ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን ነው። በ1927 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ ቤቱ እዚያ ነው። ከ1957 ጀምሮ ሕመምተኛ ከሩቅ ገጠር የሚያመላልሱት የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞችም የሚነሡት ከዚያው ነው። በረራ የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ ሰማዩን ከጠዋት ጀምረው ይዞሩታል።

ናይሮቢ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ያለች ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው (ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው)። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝታ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ከማሳይ ማራ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የተነሣ አብራሪ ሳያስበው በጨለማ ያርፋል። ስለዚህ የእጅ ባትሪ የሚያስፈልገው ሌሊት ለመብረር ላቀደ ሰው ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም፣ ስድስተኛው አባሪ፣ በሌሊት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ለእያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ መቀመጫ ራሱን የቻለ በእጅ የሚያዝ መብራት እንዲኖር ያዛል።

ባትሪ ለመግዛት ወደ ሉቱሊ ጎዳና ሱቆች የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሉመን፣ ማለትም የብርሃን መጠን፣ ቁጥር ነው። ሻጩ ምን ያህል እንደሚያበራ ይነግረዋል፣ ጣሪያውን አብርቶ ያሳየዋል። ለዘበኛ ወይም ለእረኛ ጥሩ ነገር ነው። አብራሪ ግን ጥያቄውን መገልበጥ አለበት፦ ይህ ባትሪ ምን ያህል መደብዘዝ ይችላል? እኔ ርካሹን ከውዱ የምመርጥበት ቁም ነገር ይኸው ነው። ብዙ ብርሃን አሁን በርካሽ ይገኛል። ጥቂት ብርሃን በትክክል የሚሰጥ ባትሪ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ብዙ ብርሃን የሚፈለግበት አንድ ሥራ አለ፤ ከበረራ በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ መመርመር። ለዚህ ከ100 እስከ 200 ሉመን ይበቃል። ብርሃኑን ፊት ለፊት ከመደቀን ይልቅ ከጎን አጋድሞ ማብራት ይሻላል፤ በክንፉ ቆርቆሮ ላይ ያለ ስርጉድ ወይም በፕሮፔለሩ ጠርዝ ላይ ያለ ጭረት ጥላ ጥሎ ራሱን ያጋልጣል። ቀለሙም ወሳኝ ነው። የፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች የሚጠጡት ባለ መቶ ኦክቴን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ተነክሮበታል፤ የካራቫን ተርባይን ሞተር የሚጠቀምበት የጄት ነዳጅ ግን ቀለም አልባ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው። ሁለቱም በአንድ ማረፊያ ይቀዳሉና አብራሪው ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ናሙና ቀድቶ ቀለሙንና ውኃ መኖር አለመኖሩን ያያል። ርካሽ ኤል ኢ ዲ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በእርሱ ብርሃን ውኃም ሰማያዊ ሊመስል ይችላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀይ ስለሆነ በቀይ ብርሃን ከታየ በነጭ ቀለም ላይ ፈስሶ እንኳ ይሰወራል። ለምርመራ የሚሆነው ወደ ፀሐይ ብርሃን የቀረበ ነጭ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከተገባ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ግማሽ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ነው፤ አንድ ብልጭታ ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ5,000 ጫማ ጀምሮ የኦክሲጅን ማነስ የሌሊት ዕይታን መቀነስ ይጀምራል። ዊልሰን ራሱ ከ5,500 ጫማ በላይ ነው፣ ቦሌ ደግሞ ከ7,600 በላይ። ማለትም የኛ አገርም ሆነ የናይሮቢ አብራሪ ገና ከመሬት ሳይነሣ ዓይኑ ከባሕር ዳርቻ አብራሪ ዓይን አንሶ ነው የሚጀምረው። ያለውን ዕይታ ማባከን አይገባውም።

መፍትሔው ቀይ መብራት ነው ሲባል ኖሯል፤ ምክንያቱም እነዚያ ሕዋሳት ለቀይ ብርሃን ደንታ የላቸውም። ሐሳቡ እውነት አለው፣ ግን ሙሉ አይደለም። በቀይ ብርሃን ሥር በካርታ ላይ ያሉ ቀይና ወይን ጠጅ መስመሮች ከወረቀቱ ጋር ተመሳስለው ይጠፋሉ፤ የአየር ክልል ወሰን ብዙ ጊዜ የሚሰመረው ደግሞ በእነርሱ ነው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ አብራሪም በቀይ ብርሃን ቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ይከብደዋል። እኔ ቀዩንና ነጩን ሳነጻጽር የምደግፈው እጅግ የደበዘዘ ነጭ ብርሃንን ነው፤ አንድ ሉመን ወይም ከዚያ በታች፣ ቼክሊስቱን ለማንበብ ያህል ብቻ። ቀይ ያለው ባትሪ ቢገኝ አይጠላም፤ ነጩ ግን ሲበራ ከዝቅተኛው መጀመር አለበት። መጀመሪያ በሙሉ ኃይል በርቶ በሦስተኛው ጠቅታ የሚደበዝዝ፣ በመካከሉም የሚብለጨለጭ ባትሪ ስንት ቢረክስም ለኮክፒት አይሆንም።

የእጅ ባትሪው የተከፈለበትን ዋጋ የሚያወጣው አውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ኦልተርኔተር ከቆመ ቀሪው ኃይል የአውሮፕላኑ ባትሪ የያዘው ብቻ ነው፤ ጭነት ቢቀንሱለትም ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። እንደ ድሮው ሴስና 172 ባለ አውሮፕላን ላይ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹ በአየር ግፊት ስለሚሠሩ መሥራታቸውን አያቆሙም። መብራታቸው ግን ይጠፋል። አብራሪው የሚያነባቸው በእጁ ባለው ባትሪ ነው። ሬዲዮውም ከሞተ የመቆጣጠሪያ ማማው በብርሃን ያነጋግረዋል፦ የማይብለጨለጭ አረንጓዴ “ማረፍ ትችላለህ”፣ የማይብለጨለጭ ቀይ “ለሌላው ቦታ ልቀቅ፣ መዞርህን ቀጥል”። ይህን ከሩቅ የሚያይ ዓይን በገዛ ባትሪው ያልታወረ መሆን አለበት።

የባትሪ ድንጋዩን በሚመለከት ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛውን መደበኛ ድንጋይ የሚጠቀም ባትሪ እመርጣለሁ፤ በየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ተራው አልካላይን ብዙ ሲቀመጥ ያፈስሳል፣ ነሐሱንም ይበላዋል። የማይሞላው ሊቲየም በዋጋ ከፍ ቢልም ዓመታት ተቀምጦ ኃይሉን ይይዛል፣ በመጠባበቂያ ባትሪ ውስጥ መክተት የሚገባው እሱን ነው። ወፍራሙ የሚሞላ ድንጋይ፣ 18650 የሚባለው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ላዩ ላይ 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ብሎ የጻፈ ውሸት ነው። እውነተኛው ከ3,500 ብዙም አይዘልም። በቁጥር የዋሸ አምራች በጥራትም መታመኑ ያጠራጥራል፤ ፀሐይ በሚጠብሰው ኮክፒት ውስጥ ደግሞ የሊቲየም ድንጋይ መጥፎነት የእሳት ጉዳይ ነው። ኬንያ ይህን ችግር በደንብ ታውቀዋለች፤ ናኩሩ የነበረው የኤቨሬዲ ድንጋይ ፋብሪካ በ2014 ሲዘጋ ከምክንያቶቹ አንዱ የርካሽና ፎርጅድ ድንጋዮች መብዛት ነበር። የአገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሳውዝ ሲ፣ ፖፖ መንገድ ላይ ነው፤ በማሸጊያው ላይ የእርሱን ምልክት መፈለግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ማግኔቱን ነው። ብዙ ርካሽ የሥራ ባትሪዎች በቆርቆሮ ላይ እንዲጣበቁ ጀርባቸው ማግኔት አለው። በዳሽቦርዱ ላይ ከተቀመጠ የኮምፓሱን መርፌ ይጎትተዋል፣ አብራሪውም ሳያውቅ አቅጣጫ ይስታል። ከመግዛት በፊት ስልክ ላይ ያለውን ኮምፓስ ከፍቶ ባትሪውን ማስጠጋት ነው፤ መርፌው ከዞረ ሌላ ይፈለግ። ክብ ባትሪ ወለል ላይ ተንከባልሎ ከመሪ ፔዳል ሥር ሊገባ ይችላል፤ ቅንጥብ ወይም ማንጠልጠያ ገመድ ያለው ይሻላል። በግንባር የሚታሰረው እጅን ነጻ ያደርጋል፤ ሆኖም አብራሪው ዞር ባለ ቁጥር አብሮት የተቀመጠውን ያሳውራል፣ በመስታወቱም ላይ ያንጸባርቃል። የስልክ መብራት ምትክ አይሆንም፤ መጠኑ ለኮክፒት ይበዛል፣ ስልኩ ራሱም ለካርታና ለጥሪ ይፈለጋል።

ገንዘቡ ለአንድ ውድ ባትሪ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ርካሽ ይገዛበት። አንዱ ለምርመራ፣ ነጭና ብርቱ። ሌላው ደብዛዛ፣ በደረት ኪስ የሚቀመጥ፣ ወንበር ላይ ታስረው ሳሉ በአንድ እጅ የሚደረስበት። ደብዛዛው የሚፈተነው ቤት ውስጥ፣ መብራት አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ በዝቅተኛው አብርቶ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ፣ ወዲያው አጥፍቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት። ከዋክብቱ ወዲያው የማይታዩ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። በዊልሰን የሚማር ተማሪ የሚበርበት አውሮፕላን የኪራይ ነውና ሁለቱም በራሱ ቦርሳ ይሁኑ፤ ድንጋዮቹ የገቡበት ቀን በፕላስተር ላይ ተጽፎ በጎናቸው ይለጠፍ።