ለአትክልት መደብ የሚበቃ የጉዝጓዝ ልክ

ጉዝጓዝ ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፤ በበዓል ቀን በቤት ወለል ላይ እንደሚነሰነሰው ቄጠማ፣ በአትክልት መደብ ላይ የሚነጠፍ ገለባ፣ ደረቅ ሣር፣ የቅጠል ርጋፊ ወይም የተከተፈ ቅርንጫፍ ነው። ጥቅሙስ ምንድር ነው ቢሉ፤ ዐፈሩን ከፀሓይ ይጋርዳል፤ ርጥበቱ ተንኖ እንዳያልቅ ይከላከላል፤ አረም ብርሃን አጥቶ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ሲበሰብስም መሬቱን ያዳብራል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ልኩን ነው። ስለ ልኩም እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ እንግዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ለንግሥ በዓል ወደ ገዳማችን የመጣ አንድ ምእመን የጎመን መደባችን ገለባ ለብሶ አይቶ ቆመና ታሪኩን ነገረን። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በአንድ ባለጸጋ የአትክልት ቦታ ተቀጥሮ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ጌታው «ለስድስቱ መደብ ስንት ጆንያ ጉዝጓዝ ይበቃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ በዐይኑ ገምቶ «ሃያ» አለ። የመጣው ግን ግማሹን እንኳ በቅጡ የሚያለብስ አልሆነም። እንዳያፍር ብሎ አሳስቶ በተነው፤ ነፋስ ገፈፈው፤ ችግኙም በሐምሌ ሐሩር ደረቀ፤ ዋጋውም ከደመወዙ ተቈረጠ። «አባ፤ እርሻውንስ ዐውቀዋለሁ፤ ያጠፋኝ ሒሳቡ ነው» አለን።

የአገሩን ጠባይ ስናስብ ጉዳቱ ይገባናል። በጅዳ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ከ1,000 ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 የጅዳ ሙቀት 52 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የከተማው ሕዝብ ጥንት በጕድጓድና በዝናብ ማጠራቀሚያ ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ውሃ ተሳበለት፤ ዛሬ ደግሞ አብዛኛውን የሚጠጣው ከቀይ ባሕር ጨዉ ተለይቶ የወጣ ውሃ ነው። እንግዲህ ከመደብ ላይ በከንቱ የሚተን ውሃ ብዙ ድካም የተደከመበት ነው። ሌላም ጉዳት አለ፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ሲተን ያዘለውን ጨው በዐፈሩ ገጽ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ጨውም ሥሩን ያቃጥላል። ጉዝጓዝ ትነቱን ሲቀንስ ይህን ደግሞ ይቀንሳል።

ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን ቢሉ፤ ለደቀቀ ብስባሽ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለገለባና ለተከተፈ የቴምር ዘንባባ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ቢያንስ ብርሃን ያልፋል፤ አረምም ይበቅላል። ከዚህ ቢበዛ በጥቂቱ የሚጠጣውን ውሃ ጉዝጓዙ ራሱ ይጠጣውና ለሥሩ አይደርስም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ርዝመቱን በወርዱ ብናባዛ ስፋቱን እናገኛለን። አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነውና፣ በላዩ 1 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ለማንጠፍ 10 ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር የተለካውን ውፍረት በ10 አባዝቶ እንደገና በስፋቱ ማባዛት ይበቃል።

ምሳሌ፦ የእንግዳችን እያንዳንዱ መደብ 6 ሜትር ርዝመት፣ 1.20 ሜትር ወርድ ነበረው፤ ስፋቱ 7.20 ካሬ ሜትር ነው። በ8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 80 ጊዜ 7.20፣ ማለት 576 ሊትር ይሆናል። ገለባ ሲሰነብት ይረግባልና አንድ አምስተኛውን ብንጨምርበት 691 ሊትር ገደማ ይመጣል። ለስድስቱ መደብ 4,147 ሊትር ነው። ጆንያው ስንት ይይዛል ቢሉ፤ በ20 ሊትር ባልዲ እየሰፈሩ ማወቅ ነው። አምስት ባልዲ ቢይዝ 100 ሊትር ነውና 42 ጆንያ ያስፈልጋል። እንግዳው ያዘዘው 20 ስለ ነበረ፣ በመደቡ ሁሉ ቢበተን ከረገበ በኋላ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

መደቡ ክብ ቢሆን፣ ከመካከል እስከ ዳር ያለውን ልክ በራሱ አባዝቶ እንደገና በ3.14 ማባዛት ነው። በዛፍ ሥር 1 ሜትር ዙሪያውን ብናነጥፍና ግንዱ እንዳይበሰብስ በመካከል 20 ሴንቲ ሜትር ባዶ ብንተው፣ ከ3.14 ላይ 0.13 ተቀንሶ 3 ካሬ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ይህም በ8 ሴንቲ ሜትር 240 ሊትር ነው። በመካ አጠገብ በአረፋ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሐጅ ተጓዦች ጥላ እንዲሆኑ ወደ 50,000 የሚሆኑ የኒም ዛፎች ተተክለዋል። ለእነዚያ ሁሉ በዚህ ልክ ቢታሰብ 12,000 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብንሳሳት ስሕተቱ ብቻውን 1,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። በትንሽ መደብ የተናቀ ስሕተት በብዙ ሲባዛ እንዲህ ይገዝፋል።

ጥንቃቄውም ይህ ነው። ጉዝጓዙ ከመነጠፉ በፊት መደቡ በደንብ ይጠጣ፤ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ካለ ከጉዝጓዙ በታች ይዘርጋ። ዘር ያዘለ ሣር አይግባ። ምስጥ ባለበት ስፍራ ከቤት ግድግዳ ይራቅ። ጎርፍ የሚወርድበት ቦታም አይዘንጋ፤ በጅዳ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 በጥቂት ሰዓት የወረደው ዝናብ ከመቶ በላይ ሰው የገደለ ጎርፍ አምጥቷልና፣ እንኳን ገለባ መኪናም ተወስዷል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጠጠር ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር 1,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ከማዘዝ በፊት ማጓጓዣው ይታሰብ።

ለእኛም ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በአገራችን ገለባ የበሬ መኖ ነውና። በስድስት መደብ 10 ሴንቲ ሜትር በማንጠፍ ፈንታ 8 ብናደርግ፣ አሥር ጆንያ ገለባ በበጋ ለበሬዎቹ ይተርፋል። እንግዳችን ሒሳቡን በወረቀት ጽፎ ወሰደ። እናንተም አንባብያን ሞክሩት፦ 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ ላለው መደብ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ስንት ባለ 100 ሊትር ጆንያ ብስባሽ ይበቃል? ብስባሽ እንደ ገለባ ብዙ ስለማይረግብ ጭማሪ አያሻውም። መልሱ 2 ነው፤ እንዴት እንደ ሆነ ራሳችሁ ድረሱበት።