ሳይቀምሱ መግዛት፤ የላስታ ተማሪና የትምህርት ምርጫው

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ማር የሚሸምት ነጋዴ፥ ዕቃውን ከፍቶ መልኩን ሳያይ፥ በጣቱም ጫፍ ሳይቀምስ ወደ ሚዛን አያደርሰውም። ሸማ የሚገዛውም ጥለቱን አገላብጦና ድሩን ዳስሶ ነው ዋጋ የሚናገረው። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን የገዛ ልጁ የትምህርት ዓይነት በሚመርጥበት ቀን፥ አራትና አምስት ዓመት የሚፈጀውን፥ ምናልባትም የዕድሜ ልክ እንጀራ የሚሆነውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቀምሰው «ይህ ይሻልሃል» ብሎ ይወስንለታል።

ምርጫው የሚመጣው በቶሎ ነው። ተማሪው 10ኛ ክፍልን ጨርሶ 11ኛ ሲገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይይዛል። በዚያ ዕድሜው ሐኪምን በሕመም ቀን፥ መምህርን በክፍል ውስጥ አይቶ ይሆናል፤ የሒሳብ ሠራተኛውን፥ የመሬት ቀያሹን፥ የሥነ ምድር ባለሙያውን የቀን ውሎ ግን አያውቀውም። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት እንደገና የጋራ ትምህርት መሆኑ፥ የትምህርት ክፍል ከመመረጡ በፊት ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ እስከዚያ ደጃፍ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 36,409 ብቻ ነበሩ። የቀሩት በማካካሻ ትምህርት፥ በሙያ ማሠልጠኛ፥ በእርሻ፥ በንግድና በእጅ ሥራ በኩል መንገዳቸውን መፈለግ ነበረባቸው። ዝንባሌን አስቀድሞ ማወቅ ይልቁን የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማውንም ቅኔውንም ይሞክራል፤ ከዚያም አኩፋዳውን አንግቶ ልቡ ወዳደላበት ጉባኤ ይጓዛል። ለቅኔ የላስታን ጎረቤት ዋድላን ወይም በጎጃም ዋሸራን፥ ለድጓ በጋይንት ቤተ ልሔምን፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባን ይመርጣል። ብዙ ዓመት የሚጠይቀውን ሙያ የሚይዘው፥ ሌላውንም ቀምሶ ካየ በኋላ ነው።

ላሊበላ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ምክንያት አላት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ፥ የከተማይቱ ገቢ እየዋለ እያደረ በእንግዳ ላይ ተደገፈ። ብዙው ወጣት በቅርብ የሚያየው አስጎብኚውንና የሆቴል ሠራተኛውን ስለ ሆነ፥ ምኞቱም በዚያው ተወሰነ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፥ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ የተነሣው ግጭት ተከታትለው እንግዳውን ባራቁት ጊዜ፥ አንድ በር ብቻ የሚያውቅ ሰው መውጫ አጣ። የወጣቱ ኪሳራ ደግሞ የባለ ሱቁም ኪሳራ ነው፤ ገቢ የሌለው ሰው ገዢ አይሆንምና።

ይሁንና የላስታ በሮች ብዙ ናቸው። ማር ሲቆረጥ ቆሞ የሚያይ ልጅ፥ ስለ ንብ ጠባይ መጠየቅ የጀመረ ዕለት ሥነ ሕይወትን ነክቷል። የአብያተ ክርስቲያናቱ አለት ለምን እንደሚሰነጠቅ፥ ዝናቡም እንዴት እንደሚጎዳው የሚያስጨንቀው ልጅ፥ ሥነ ምድርንና ምሕንድስናን ደጃፉ ላይ አግኝቷል። በአንድ ሆቴል ጣሪያ ሥር እንኳ ሒሳብ፥ ኤሌክትሪክ፥ የምግብ ዝግጅትና የውጭ ቋንቋ ይገኛሉ።

እነዚህን በሮች ለመክፈት ነጋዴው ብዙ ገንዘብ አያወጣም። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ አንድ ባለ ሱቅ አንድ ተማሪ ለሁለት ሳምንት ተቀብሎ፥ ዕቃ ከማሸከም ይልቅ የዱቤውን መዝገብ፥ የሸቀጡን ቆጠራ፥ የዋጋውን ስሌት ያሳየው። ቀጥሎ ተማሪው ወደ ጋራዡ፥ ወደ መድኃኒት ቤቱ፥ ወደ ልብስ ሰፊው ይዛወር። በየሳምንቱም መጨረሻ ሦስት ጥያቄዎች ይመልስ፤ የትኛው ሥራ ጊዜውን አስረሳው? የትኛው አሰለቸው? ማንም ሳያዘው ስለ ምን ጠየቀ? መልሱ በደብተር ተጽፎ ወላጁና መምህሩ ይዩት። «አልወደድኩትም» የሚለውም መልስ ትርፍ ነው፤ ሁለት ሳምንት የፈጀ ስሕተት አራት ዓመት ከፈጀው ይረክሳልና።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ዕድሜው 15 ዓመት ሞልቶ 18 ያልደረሰ ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል። የመማሪያው ውሎ የርካሽ ጉልበት ማግኛ እንዳይሆን፥ ባለ ሱቁ ይህን ልብ ይበል። የገበሬ ልጅ ደግሞ በክረምት ለአረም ስለሚፈለግ፥ ለእርሱ ቤተ ሰቡ ገበያ በሚወጣበት ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢመደብለት ይበቃል።

አባት ምክሩን አይንፈግ፤ ነገር ግን ፍርዱን ከቅምሻው በኋላ ያድርገው። ዛሬ አንድ ተማሪ መዝገቡ አጠገብ ያስቀመጠ ነጋዴ፥ ነገ የሒሳብ ሠራተኛ በፈለገ ጊዜ ሥራውን ወድዶ የተማረ ሰው ከአገሩ ያገኛል።